ጤዛው እስኪደርቅ

አገራችን ሲናና ጠዋት ጠዋት ጉም ውስጥ ትተኛለች። ሮቤ እየተማርኩ ለምርምሬ አባቴ ቤት በከረምኩበት ዓመት፣ ሰማይና መሬት የት ላይ እንደሚለያዩ ሳይታየኝ ነበር ከቤት የምወጣው። አባቴ ግን ይቀድሙኛል። ጋቢያቸውን ደርበው፣ ቢስሚላህ ብለው ገብሱ መሃል ይገቡና ዛላውን በመዳፋቸው እየዳበሱ ይሄዳሉ። «አካም ቡልተን» ይሉታል፤ እንዴት አደራችሁ ማለታቸው ነው። ገብሱ በነፋስ ጎንበስ ሲል የመለሰላቸው ይመስለኝ ነበር።

በዚያ ዓመት ገብሱን ባክቴሪያ ያዘው። ቅጠሉ ላይ ረጃጅም መስመር ያወጣል፤ ወደ ፀሐይ ሲያነሡት ዘይት እንደነካው ወረቀት ብርሃን ያሳልፋል። ጠዋት ደግሞ ማር የመሰለ ጠብታ ያንጠባጥባል። ያምራል፤ ያናደደኝም ማማሩ ነው። ያ ገብስ ከጠፋ አባቴ ከአያታቸው የወረሱት ዘር እዚያው ያልቃል።

መድኃኒቱን የማዘጋጀው እኔ ነበርኩ። የግራዋ ቅጠል አፍልቼ አጠለዋለሁ፤ ሲበርድ በውሃ የሟሟ፣ ጌጥ ከሚሠራበት ብር የተገኘ ጨው ጠብ ጠብ አደርግበትና ፀሐይ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ቀስ እያለ ከቢጫ ወደ ሻይ መልክ ይዞራል፤ ያኔ በዓይን የማይታዩ የብር ናኖ ቅንጣቶች ተፈጥረዋል ማለት ነው። አፈሩን እንዳይጎዳ ታስቦ የተቀመመ ነው ብዬ ባስረዳም፣ አንድ ለአምስት ስብሰባ ላይ ጎረቤቶቻችን «ገብስ ሻይ ታጠጣለች» እያሉ ሳቁብኝ። ይሳቁ። ቀለሙ ሲለወጥ ቁጭ ብሎ ማየት ከእንቅልፍ ይጥመኝ ነበር።

በረጨሁበት በኩል አዲሱ ቅጠል ንጹሕ ሆኖ ወጣ። ቆይቶ ግን መስመሩ እንደገና ታየ፤ አባቴ በሚሄዱበት በኩል ብቻ፣ ግራና ቀኝ እጃቸው በደረሰበት ልክ። በሽታው ከእርጥብ ቅጠል ወደ እርጥብ ቅጠል በንክኪ ይተላለፋል። ከታመመው ወደ ዳነው ሲያመላልሰው የነበረው የእሳቸው መዳፍ ነው።

ይህን ለአባት እንዴት ይነግሩታል? ግን ነገርኳቸው።

«አባ፣ ጤዛው ሳይደርቅ አይግቡ። ሲደርቅም አይንኩት።»

መዳፋቸውን ገልብጠው አዩት። «እሺ፣ ኢንተላ ኮ» አሉ፤ እሺ ልጄ።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት እጃቸውን ጋቢው ውስጥ ከተው ማሳው ዳር ይቆማሉ፤ ጉሙ አንዳንዴ እስከ ወገባቸው ይውጣቸዋል። ሰላምታውንም ተዉት። እኔ መርጨቴን ቀጠልኩ። መስመሩ ቆመ፤ ገብሱ አሸተ፤ ዘሩ ተረፈ።

ሊታጨድ ሲል ደስ ይላቸዋል ብዬ አንድ ዛላ ቀጥፌ ሰጠኋቸው። አሽተው እፍ አሉና ፍሬውን ረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

«አልሐምዱሊላህ፣ ድኗል» አሉኝ። «ግን የዘንድሮውን አላውቀውም።»