የወርቅ ጥርሴና መንጋጋዬ

ከዓረብ አገር የተመለስኩት በአንድ ሻንጣና በአንድ የወርቅ ጥርስ ነው። የላክሁት ሁሉ ለቤቱ ቆርቆሮና ለወንድሞቼ ትምህርት ሄዷል፤ ቅር አላለኝም። ግን በከተማችን በመካነ ሰላም ከዓረብ አገር መጥታ የምታሳየው የሌላት ሴት “ምን ስትሠራ ከርማ ነው?” ትባላለች። ስለዚህ ልመለስ ስል ምንም ያልሆነውን የላይ ክራንቻዬን በወርቅ አስለበጥኩት። ያኔ የተመላሽ ሴት ወግ ነበር። እንግዳ በመጣ ቁጥር እናቴ “ሳቂ እስቲ” ትለኛለች፤ እስቃለሁ።

ብዙ ሳይቆይ አፌን ስከፍት ጆሮዬ ሥር ቀጭ ይል ጀመር። ጠዋት ስነሣ ጉንጬ ደርቆ፣ ራሴን እየወጋኝ ነው። አንድ ቀን ሳዛጋ መንጋጋዬ እዚያው ቀጥ ብሎ አልዘጋ አለኝ፤ ወላሂ፣ አለቀልኝ ነው ያልኩት። እንደምንም በእጄ እያሸሁ መለስኩት።

ለእናቴ ትንፍሽ አላልኩም። ታመመች ከተባለ “ከዓረብ አገር በሽታ ይዛ መጣች” መባሌ አይቀርማ! በድብቅ ጤና ጣቢያ ሄጄ የጆሮ ጠብታ ተሰጠኝ፤ አልበጀኝም። ቀጥዬ ራሴው ፈረድኩና አንድ የመንጋጋ ጥርሴን አስነቀልኩ። ጥርሱ እንከን አልነበረበትም። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይህ ነው።

ማኘክ አቃተኝ። እናቴ ቂጣ ጋግራ ታቀርባለች፣ እኔ ሻዬን ጠጥቼ “ጠገብኩ” እላለሁ። ቆሎውንም አልነካውም። መጀመሪያ ትቆጣኝ ነበር፤ በኋላ ዝም ብላ ሳህኑን ማንሣት ጀመረች።

“ዘመድ ልጠይቅ” ብዬ ደሴ ወረድኩ። የጥርስ ሐኪሟ ወጣት ናት። ጣቶቿን ጆሮዬ ፊት አሳርፋ ክፈቺ፣ ዝጊ አለችኝ። ቀለም የተቀባ ስስ ወረቀት አስነከሰችኝና መስታወት ሰጠችኝ። ቀለሙ ያረፈው ወርቁ ላይ ብቻ ነው።

“ይህ ከሌሎቹ ጥርሶች ረዝሟል” አለች። “አፍሽን በገጠምሽ ቁጥር መንጋጋሽ እሱን ሲሸሽ ወደ ጎን ይሄዳል፤ መጋጠሚያው የተጎዳው በዚህ ነው። ተኝተሽ ጥርስሽን ትነክሺያለሽ?”

“ዓረብ አገር በሰው ቤት ስሠራ መልስ መስጠት አይቻልም ነበር፤ ነክሼ መተኛት እዚያ ለመድኩ።”

ወርቁ ስስ ስለሆነ ቢሞረድ ይበሳል፣ መውጣት አለበት አለች።

“ዶክተር፣ ይህ ከወጣ ምን ይዤ ልግባ?”

“መንጋጋሽን!” ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ተናደድኩ እንጂ፤ ለእሷ ቀላል ነው። ግን አወጣችው። መንጋጋሽን ለብ ባለ ጨርቅ እሺው፣ ለጊዜው ለስላሳ ለስላሳውን ብይ፣ ከንፈርሽን ብትገጥሚም ጥርስሽን አታጋጥሚ ብላ ሸኘችኝ።

ቤት ስገባ አፌን በሻሽ ሸፍኜ ነበር። እናቴ ሻሹን ገለጥ አደረገችው። ሁሉንም ነገርኳት፤ ወርቁንም ከመሐረብ ፈትቼ ዘረጋሁላት። ዞር ብላ አላየችውም።

“ታዲያ ቂጣዬን የተውሽው አሞሽ ነው?”

“አዎ፣ እማ።”

“እኔ እኮ… የዓረብ ቤት ምግብ ለምዳ የኔን ተጠየፈችው ብዬ…” ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች።

ከዚያ ተነሥታ ቂጣውን በወተት አርሳ፣ ፈትፍታ አመጣችና ፊት ለፊቴ ቁጭ አለች።

“አፈር ስሆን ብይ” አለችኝ።