በጋዜጣ የተሠራው ድልድይ

እርጥብ የቆዳ ጫማ ሲሸተኝ ሳቄ ይመጣል። ዛሬ ጠዋት ልጄ ዝናብ የመታው ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ስትገባ ሸተተኝና ብቻዬን ሳቅሁ።

በደርግ ጊዜ ነው፤ ገና ጀማሪ ጋዜጠኛ ነበርኩ። ከአንድ ጽሕፈት ቤት የመጣ ሪፖርት አምኜ፣ ከላሊበላ ወደ ብልባላ በሚወስደው መንገድ ድልድይ እንደተሠራና ሕዝቡ እንደተደሰተ ጻፍኩ። ዜናው ከነስሜ ወጣ። በዚያው ክረምት ለሌላ ሥራ ላስታ ስላክ ጊዜ፣ እስቲ ድልድዬን ልየው ብዬ በእግሬ ወጣሁ።

ወንዙ ሞልቶ ይጮኻል። ድልድይ የሚባል የለም። ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች አህዮቻቸውን ይዘው ውኃው እስኪጎድል ቆመዋል። ጥምጥማቸው የረጠበ አንድ መሪጌታ ማን እንደሆንኩ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው።

«ጋዜጣውማ ተነቦልናል» አሉ። «ድልድዩን የሠራሽልን አንቺ ነሽ? በይ እንግዲያ፣ ቅደሚና አሻግሪን!»

ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ውኃው ጎደል ሲል ከመካከላቸው አንዷ፣ ጠና ያለች ሴት፣ እጄን ያዘችኝ። «ነይ እቱ፣ አይዞሽ፤ እሳቸው ቀልድ ይወዳሉ።» እጅ ለእጅ ተያይዘን፣ እኔ ከነጫማዬ፣ ገባን። ቅዝቃዜው አጥንት ይሰብራል። መሃል ስንደርስ እኔም ከእነሱ ጋር እየሳቅሁ ነበር።

አዲስ አበባ ተመልሼ ማረሚያ ጻፍኩ። አለቃዬ ወረቀቱን ወደ እኔ መልሶ ገፋው።

«የወጣ ዜና አይመለስም! ካልሆነ ሂጂና ራስሽ ሥሪው!»

ተቆጥቶ ነው የተናገረው፤ እኔ ግን እንደ ምክር ወሰድኩት። ጋዜጣውን ትቼ ፕላን መሥሪያ ቤት ለሥራ አመለከትኩና ተቀጠርኩ። ካርታ ማንበብ ተማርኩ፣ ስብሰባ ላይ መከራከርም። በመጀመሪያው ዓመት ድልድዩን ከዕቅዱ ሰረዙት። በሁለተኛው «ይቆይ» ተባለ። በሦስተኛው ግን የመሥሪያ ቤቱ ዋና መሐንዲስ፣ «ይቺ ሴትዮ ዕረፍት አትሰጠንም!» ብሎ ፈረመ። ያን ቀን በደረጃው ላይ እየዘለልኩ ወረድኩ።

ተሠርቶ ሲያልቅ ላየው ሄድኩ። ስለ መሪጌታው ጠየቅሁ፤ ባለፈው ዐቢይ ጾም ማግስት አርፈዋል አሉኝ። የድልድዩ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ትንሽ አለቀስኩ። ያን ጊዜ አንዲት የማላውቃት ወጣት እህል የጫነች አህያዋን እየነዳች መጣች። አህያዋን እየተሳደበች፣ እየሮጠች ተሻገረች። ከሥሯ የሚጮኸውን ወንዝ ዞር ብላ እንኳ አላየችውም።