ባሕሩን የቀቀለው ዋርሳዬ

የእህቴን ባል ሰው ሁሉ «ልክነው» ይለዋል። አዲስ ሰው ወላጆቹ ያወጡለት ስም ይመስለዋል። አይደለም። በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ካፍቴሪያ ውስጥ ዋና ምግብ አብሳይ ነው፤ ሾርባ በቀመሰ ቁጥር ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከንፈሩን መጥጦ፣ «ልክ ነው!» ብሎ ስለሚጮህ ባልደረቦቹ ያወጡለት ነው። በማንኪያ የሚለኩ አብሳዮችን ሲያይ ያመዋል። «ጨው በማንኪያ የሚሰፍር ሰው ሚስትም በሜትር ለክቶ ነው የሚያገባው» ይላል። ረዳቶቹ ሥራ ሲያንዛዙበት ደግሞ «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል» እያለ ያሯሩጣቸዋል። ትዕቢተኛ ነው ማለቴ አይደለም። ትንሽ ነው።

በብርዱ ወራት ጉንፋን መሰል ነገር አልጋ ላይ ጣለው። ተሻለው፤ ትኩሳቱ ግን ሲወጣ ባዶ እጁን አልወጣም፣ የምላሱን ጣዕምና የአፍንጫውን ሽታ ይዞ ሄደ። ሎሚና ሳሙና አንድ ሆኑበት። ይህን ለሐኪም እንጂ ለሌላ ሰው አልተነፈሰም፤ ሐኪሙም «ሊመለስም ላይመለስም ይችላል» ከማለት በቀር የጨመረለት የለም። እኔ ይህን ያወቅሁት ብዙ ከተንከራተትኩ በኋላ ነው፤ እናንተን ግን ማንከራተት አልፈልግም፣ ከወዲሁ እወቁት። የማይቀምስ አብሳይ ወጥ ቤት ውስጥ ምን ይሠራል? ምላሱ መሞቱ ከታወቀ ዋናነቱ ያከትማል። ከዚያም የከፋው፣ ሰውየው ስሙ ራሱ ከምላሱ የወጣ ነው። ምላሱ ከሌለ እሱ ማን ሊሆን ነው? የጨዉን ተረት ከዚያ ወዲህ ከአፉ ሰምተን አናውቅም።

እንግዲህ በዚህ መሀል ነው አንድ እሑድ ሳሎን መሀል ቆሞ «ባሕር ላስገባ ነው» ያለን።

«የት?» አለች እህቴ።

«እዚህ፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን። የመስታወት ገንዳ፣ የጨው ውሃ፣ ኮራል፣ ዓሣ።»

ድመት እንኳ አሳድጎ የማያውቅ ሰው ነው። እኔ ከት ብዬ ሳቅሁ። እህቴ ልብስ ሰፊ ናት፣ ሳትለካ አንዲት ክር አትቆርጥም። አሁን ጦርነት ይነሣል ብዬ ስጠብቅ፣ «ጥሩ ነው፤ መብራት እንዳይጋርድብህ መጋረጃውን አሳጥርልሃለሁ» አለችው። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

ገንዳው መጣ። ከነውሃው የሁለት ወፍራም ሰው ክብደት ስለሚኖረው የሳሎኑ ጠረጴዛ አይችለውም ተባለና ብረት ማቆሚያ ተበየደለት። ወለሉ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ኖሮ፣ በማቆሚያው እግር ሥር ስስ ጣውላ ስናስገባና ስናወጣ ዋልን። የቧንቧ ውሃ አይሆንም፣ የተጣራ ነው የሚፈለገው፤ ጀሪካን ተሸካሚዋ እኔ። ማሞቂያው፣ ውሃውን የሚያናውጠው ሞተር፣ ሰማያዊው መብራት ተራ በተራ ገቡ። ጨዉም በባልዲ መጣ፤ የወጥ ቤት ጨው አይደለም፣ የባሕሩ ማዕድን ሁሉ የገባበት ልዩ ጨው ነው። ከሁሉም በኋላ ልክነው እስክሪብቶ የምታክል መለኪያ ከኪሱ አወጣ። ጫፏ ውሃ ሲነካ የጨዉን መጠን በቁጥር ታሳያለች። ለባሕር ሠላሳ አምስት ነው ልኩ።

እኔ አፌ አያርፍም። «ዋርሳዬ፣ ያን የመሰለ ምላስ እያለህ መለኪያ ምን ያደርግልሃል? ቅመሰውና ልክ ነው በል!» አልኩት።

ጆሮው ሳይቀር ቀላ። «ዓሣ የሰው ምላስ አያምንም» አለኝ።

ለማያውቅሽ ታጠኝ! ሰውየው የፈለገው ዓሣውን አይደለም፣ መለኪያዋን ነው። ብቻዋን ቢገዛት «ለምንህ ነው?» ይባላል፤ ባሕር ከኋላዋ ሲቆም ግን ማን ይጠይቃል? ጠዋት በሸሚዙ ኪስ ወደ ካፍቴሪያ ትሄዳለች፤ ሰው ፊቱን ሲያዞር ሾርባው ውስጥ ትጠልቃለች፤ የሾርባ ልክ ስምንት ነውና፣ ቁጥሯ ስምንት ስትል እሱ «ልክ ነው!» ብሎ ይጮኻል። ማታ ታጥባ ወደ ባሕሯ ትመለሳለች። አንዲት እስክሪብቶ ለመደበቅ ባሕር ያስገባ ሰው ከእሱ ሌላ ሰምቼ አላውቅም።

ቀጥሎ ድንጋዮቹ መጡ። «ሕያው ድንጋይ» ነው የሚሏቸው፤ በውስጣቸው ውሃውን የሚያጠሩ፣ ለዓይን የማይታዩ ነፍሳት አሉ። ዓሣ ከመግባቱ በፊት እነሱ እስኪበዙ ሳምንታት መጠበቅ ግድ ነው። መንገድ ላይ ብዙዎቹ ሞተው ኖሮ ሳሎኑ ገማ፤ ግማቱ ቁም ነገር የሚያስረሳ ነበር። እህቴ መስኮት ሁሉ ከፈተች፣ እኔ አፍንጫዬን በሻርፕ ጠቀለልኩ። ልክነው ከገንዳው አጠገብ ወንበር ስቦ፣ ፊቱን ወደ ውሃው አስጠግቶ፣ ዳቦውን ሻይ ውስጥ እየነከረ፣ «እሰይ፣ ንጹሕ የባሕር አየር!» ይላል። እንግዳ ሲመጣ ድንጋይ ያስጎበኛል። ሰው ባዶ ውሃ ውስጥ ድንጋይ አይቶ ምን ሊል ይችላል? «ያሳድግልህ» ብለውት ይሄዳሉ።

አንድ ቀን ታዲያ መለኪያዋ ጫፍ ላይ የሩዝ ፍሬ ተለጥፎ አገኘሁ። ባሕር ውስጥ ሩዝ ይበቅላል? ስከታተል ቀን ቀን ከቤት እንደማትገኝም ደረስኩበት። ወደ እህቴ ሮጥኩ።

«እትዬ፣ ባልሽ የሆነ ነገር ደብቆሻል!»

«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል፤ ተዪው» አለችኝ፣ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል።

ተናደድኩ። በዚያ ላይ የእሷም እጅ ጠፍቶ ነበር፤ ምግቧ ጨው የሚባል ነገር ካየ ሰንብቷል። ስጠይቃት «ደም ግፊት» ትለኛለች፤ የማን ደም ግፊት እንደሆነ አትናገርም። እኔም ጨው በትንሽ ብልቃጥ ከቤቴ ይዤ መምጣትና እሷ ዞር ስትል ሳህኔ ላይ መነስነስ ጀመርኩ። ልክነው ያንኑ ለዛ ቢስ ምግብ ጥርግ አድርጎ በልቶ «ልክ ነው፤ እጅሽ ይባረክ» ይላል። ለሚስቱ ብሎ የሚዋሽ ባል መስሎኝ እንዲያውም ወደድኩት።

ውሃው ጠርቶ ሁለት ብርቱካናማ ዓሦች ገቡ። ያኔ ማንም ያላሰበው ነገር መጣ፤ ልክነው ወደዳቸው። ከሥራ ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ ወደ እነሱ ነው። ውሃው ሲተን ጨዉ ይከርራልና፣ አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ሳይሄድ ንጹሕ ውሃ እየጨመረ፣ መለኪያዋን እየነከረ፣ «ሠላሳ አምስት፣ ሠላሳ አምስት» ሲል ቆየ። አውቶቡስ ውስጥም እያለው ሄዷል መሰለኝ።

በምሳ ሰዓት እህቴ ጋ ቁጭ ብዬ ሳለሁ ስልኳ ጮኸ። በካፍቴሪያው የልክነው ምክትል የሆነችው ሴትዮ ናት፤ ድምጿ ስልኩን አልፎ ለእኔም ይሰማል።

«ልክነው ዛሬ ባሕሩን ቀቀለው!»

መለኪያዋ ስምንት ስትል በማቆም ፋንታ ሠላሳ አምስት እስክትል ድረስ ሾርባው ላይ ጨው ሲያወርድበት አርፍዷል።

«ለሰው አላቀረብሽውም አይደል?» አለች እህቴ።

«ምን አቀርበዋለሁ፣ ዓሣ ልንለቅበት ነው? እጀታው አመለጠኝ ብዬ ደፋሁትና ለሠራተኛው ሩዝና እንቁላል ሰጠን። እሱ ግን ስደፋው አይቶኛል።»

እህቴ ስልኩን ዘግታ ሳቀች፤ ሳቋ መሀል ላይ ተሰበረና ዓይኗን በእራፊ ጨርቅ ጠረገች። ከዚያ ነገሩን ሁሉ ነገረችኝ። ለካ ምላሱ መሞቱን ካወቀች ከርማለች፤ ምክትሉ ከኋላው እየተከተለች ድስቱን ሁሉ የምትቀምሰውም እህቴ ለምናት ነው። መርማሪዋ እኔ ከሁሉም መጨረሻ ያወቅሁ ሆንኩ! ተነሥቼ መሄድና ማኩረፍ ይገባኝ ነበር፤ ግን ማታ የሚሆነው እንዳያመልጠኝ ብዬ ተቀመጥኩ።

ልክነው ማታ ገባ። መለኪያዋን አውጥቶ ገንዳው ውስጥ ነከራት። ሠላሳ አምስት። ቁጥሩ ላይ አፍጥጦ ቀረ። ጠዋት ድስቱ ውስጥ ያየው ያው ቁጥር መሆኑ ያኔ ገባው፤ ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት። ድስቱ በእጀታው ምክንያት እንዳልተደፋም አብሮ ገባው።

እራት ቀረበ፣ የአትክልት ሾርባ። ማንኪያውን አነሣና መልሶ አስቀመጠው። መለኪያዋን ጠርጎ፣ እኛ እያየነው ሳህኑ ውስጥ ነከራት።

«ዜሮ» አለ።

እጁን ዘርግቶ የእህቴንም ለካ። «ይኼም ዜሮ።» ወደ እኔ ሲዞር ሳህኔን በሁለት እጄ ሸፈንኩ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አላት።

«ከአልጋ የተነሣህ ሰሞን ጨው ረስቼ ሠራሁ፤ ልክ ነው አልከኝ። በነጋታው ሆን ብዬ ተውኩት፤ አሁንም ልክ ነው አልከኝ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተስ ለምን አልነገርከኝም?»

መለኪያዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት። ሊቆጣ ነው ብዬ ፈራሁ፤ ግን የተቆጣ ሰው አይመስልም፣ የደከመው ሰው ነው የሚመስለው። «ነገ ለምክትሌ ራሴ እነግራታለሁ» አለ በመጨረሻ። «ከእንግዲህ የምትቀምሺው አንቺ ነሽ እላታለሁ።»

«ስትቀምስ ነው የከረመችው» አለች እህቴ።

ሳቀ። ከታመመ ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም፤ እኔንም ደስ አለኝ። ከዚያ ዓይኑ የእሷ ሳህን ላይ ሲያርፍ ሳቁ ድንገት ቆመ።

«ቆይ፤ እኔስ እሺ፣ አይታወቀኝም። አንቺ ይኼን ሁሉ ጊዜ ያለ ጨው ስትበዪ የኖርሽው ምን ሆነሽ ነው?»

እህቴ ማንኪያዋን ሳህኑ ውስጥ አዞረች። «አንተ አፈር አፈር እያለህ እየዋጥክ፣ እኔ ፊት ለፊትህ ተቀምጬ ላጣጥም?»

ልክነው ተነሥቶ ከወጥ ቤት የጨው ዕቃውን አመጣ። በጣቶቹ ቆንጥሮ የእሷ ሾርባ ላይ ነሰነሰና አማሰለላት። ዓይኑ ሳህኑ ላይ አልነበረም፣ ፊቷ ላይ ነበር። ቀመሰች። «ትንሽ ጨምር» አለችው። ጨመረ። ደግማ ስትቀምስ ዓይኗ እንባ ሞላ።

«በዛ እንዴ?» አላት ደንግጦ።

«አልበዛም» አለችው። «ብላ፣ ይቀዘቅዝብሃል።»