የይኸነው ጀርመን

ይኸነው ከመንደሩ ከጥርባ ወዲያ ያለውን ዓለም በእግሩ የሚያውቀው እስከ ዳንግላ ገበያ ድረስ ነው። ባሕር ዳር እንኳ አንዴ ለዓይኑ ሕክምና ሄዶ፣ ሙቀቱን ረግሞ ተመልሷል። ይህ ሰው በጀርመን አገር ያለችን አንዲት የገበሬ መንደር ከጎረቤት ቀበሌ ይልቅ አብጠርጥሮ ያውቃል ቢባል ማን ያምናል? ያላመነ ጠላ ቤት ይጠይቀው ነበር። መንደሪቱ በሁለት ጉብታዎች መካከል ተወሽቃለች። ጣሪያዋ ሁሉ ቀይ ሸክላ ነው። ቤተ ክርስቲያኗ አናት ላይ የብረት አውራ ዶሮ ቆሟል፤ ደወሏ ጧትና ማታ ይደወላል፣ የሚሳለም ግን የለም። እዚህ ላይ ሲደርስ ይኸነው ራሱን እየነቀነቀ "ለማን እንደሚደውሉት እንጃላቸው" ይላል። ሰዎቹም "ይኸነው ጀርመኑ" የሚል ስም አወጡለት።

ያስተማረው ልጁ ነው። የበኩር ልጁ አሸናፊ በሱዳን አድርጎ ባሕር ቢሻገር፣ የዚያ አገር መንግሥት ወስዶ እዚያች መንደር አስቀመጠው። እሑድ እሑድ አባትየው እንጅባራ ይሄድና ከአንድ ባለሱቅ ስልክ አጠገብ ቁጭ ይላል። ልጁ ይደውልለታል፣ በአገውኛ ያወጋዋል። መጀመሪያ የዚያ መንደር ሰው በመጋረጃ አሾልኮ ሲያየው ሰነበተ። ኋላ ኢልዘ የምትባል ጎረቤቱ ባልዲ ሙሉ ድንች ይዛ በሩን አንኳኳች። "አባቴ፣ ከድንች አገር ወጥቼ ድንች ተመጸወትኩ" ብሎ ሲስቅ ባለሱቁ ሳይቀር ሰምቶ ሳቀ። ብዙም ሳይቆይ ለአንድ ገበሬ ተቀጥሮ ያንኑ ድንች በማሽን ያወጣ ጀመር። በዙሪያው እንደዚያች ያሉ መንደሮች ተበትነዋል፤ አንዱ ከሌላው ቅርብ ነው፣ ሰው ግን በእግሩ አይሄድም። ሐሙስ ገበያ የሚቆምበት ከተማም አላቸው፤ ጋሪ የሌለው ዳንግላ በለው፣ አለው።

ከዕለታት አንድ ቀን፣ በድንች መከር፣ ትራክተሩ ተዳፋት ላይ ተገለበጠበት። እዚያ ሬሳ እንዴት እንደሚላክ የሚያውቅ ዘመድ አልነበረም፤ እነ ኢልዘ እዚያው ደወሉ ሥር ቀበሩት።

እዚህ ግን ለቅሶው ታላቅ ነበር። የአሸናፊ ፈረስ ኮርቻ ተጭኖ፣ ኮቱ በላዩ ጣል ተደርጎበት፣ በለቀስተኛው መካከል ሲሳብ፣ ከይኸነው ጋር በድንበር የተጣላው እንኳ ደረቱን መታ። ይኸነው የእንግዶቹ በቅሎዎች የት እንደሚታሰሩ ያሳያል፤ ድንኳኑ እንዳያዘነብል ገመዱን ያጠብቃል። ሐዘኑን ጠበቀው፤ አልመጣም። "የወንድ ሐዘን ወደ ውስጥ ነው" አሉለት። ውስጡም ምንም አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ዓመታት እንዲሁ አለፉ። ይበላል፣ ያርሳል፣ ዲከረንስ የሚሉትን ዛፍ ቆርጦ ከሰል ያከስላል። ደስታም ሐዘንም እንደ ሌላ ሰው ወሬ በአጠገቡ ያልፋሉ። የቀረችው መንደሪቱ ብቻ ናት። "ይሄኔ እዚያ በረዶ ነው" ይላል። "ይሄኔ እነ ኢልዘ ድንች ሊተክሉ ነው።" እሱ ይህን ሲጀምር ሚስቱ ውቢት ብድግ ብላ ወደ ጓሮ ትወጣለች።

ዘንድሮ ጥር ላይ ምህረት ደወለች። ምህረት በዚያ አካባቢ የምትኖር ያገራችን ልጅ ናት፤ ያን ጊዜ መርዶውን የነገረችውም እሷው ነበረች።

"አባባ፣ እንደምን አሉ? አንድ ነገር ላማክርዎት ነው" አለች። "እዚህ አገር መቃብር በጊዜ ገደብ ነው የሚሰጠው። የአሸናፊ ሊያበቃ ነው። እስካሁን የሚንከባከቡት እማማ ኢልዘ ነበሩ፤ አሁን አርጅተው ሰውም አይለዩ። ፈቃድዎ ከሆነ አጥንቱን አስወጥተን ወደ አገሩ እንልከዋለን። እኔ ከቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ጋር ጨርሻለሁ። እስከ ፋሲካ ብቻ ያሳውቁኝ።"

ውቢት አጠገቡ ሆና ትሰማ ነበር። ስለዚያ ነገር አፏን ከፍታ የማታውቅ ሴት "ይምጣ" አለች። በማግሥቱ ቄስ ገብረ ማርያም ዘንድ ሄዳ ቦታ አስፈቀደች፤ ከአማቷ መቃብር አጠገብ፣ ጽዱ ሥር።

ይኸነው "እሺ" አለ። አልደወለም።

ለምን ቢሉት አያውቀውም ነበር። አጥንቱ ከመጣ ሳጥን ፊት መቆም አለ። ያን ጊዜ ያልመጣው እንባ አሁንስ ባይመጣ? ደግሞም ልጁ ከዚያ ከወጣ እዚያች መንደር ማን ይቀርለታል? ስለዚህ ዝም አለ። እኛ ዘንድ ለአንድ ነገር መልስ ካልተሰጠ ነገሩ ባለበት ይቆያል። የድንበር ዛፍ እንኳ ክርክሩ ሳይቋጭ አይቆረጥም። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? የዝምታ ትርጉም በየአገሩ እንደሚለያይ ማን ነግሮት!

ምህረት ደጋግማ ደወለች። እሱ ድንቹን እየኮተኮተ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ሲጮህ ይሰማዋል፤ ቀና አይልም። ማታ ውቢት "አገኘሃት?" ስትለው፣ "ኔትወርክ እንቢ ብሏል" ይላታል። አመነችው። እሷ አልጠረጠረችውም፤ ይህ ነው የሚያሳዝነው።

ሰኔ ላይ ሳያስበው ስልኩን አነሳው።

"አባባ፣ ምነው ጠፉ?" አለች ምህረት። "መልስ ሲያጡ ቤተሰቡ ትቶታል አሉ። እዚህ ዝም ያለ ሰው እንደ ተወ ነው የሚቆጠር። ድንጋዩን አነሱት፤ ቦታውን ደልድለው ሣር ዘሩበት። ከእንግዲህ መቆፈር አይፈቅዱም። በላዩ ሌላ ሰው ይቀበራል።"

"እሺ ልጄ፣ አመሰግናለሁ" አለና ዘጋው።

ውቢት ደጃፉ ላይ ገብስ ታበጥር ነበር። የሰማውን ሁሉ ነገራት። ሰፌዱን መሬት አስቀመጠች።

"ኔትወርኩ ነበረ?"

"ነበረ።"

 ከዚያ በአገውኛ፣ ድምጿን ሳታነሳ፣ "አንተ እስከ ዛሬ እዚያ አገር ከልጅህ ጋር ስትኖር ነበር" አለችው። "እኔ እዚህ ብቻዬን አለቀስኩለት። አንድ ቀን እንኳ አልመጣህልኝም።"

ይኸነው እንደ ልማዱ ወደ መንደሪቱ ሊሄድ ፈለገ። ቀዩን ጣሪያ ፈለገው፤ የለም። ልጁ ትራክተሩ ላይ ተቀምጦ የሚስቅበትን ማሳ ፈለገው፤ ሣር ብቻ ነው። ሰው ሁሉ ድሮ የሰማውን መርዶ ይኸነው ገና አሁን ሰማ። የደጃፉን ምሰሶ ይዞ ተንበረከከና ጮኸ።

የሽማግሌ ለቅሶ ሩቅ ይሰማል። ጎረቤታቸው ያለምወርቅ ነጠላዋን ወገቧ ላይ እያሰረች ሮጣ መጣች፤ ከኋላዋ ሌላው ጎረቤት ተከተለ።

"ማን ሞተ?" አለች፣ በሩ ላይ ለቆመችው ለውቢት።

"አሸናፊ" አለች ውቢት።

ያለምወርቅ አየቻት፤ ወደ ሽማግሌውም አየች። አልፋት ሄዳ ከይኸነው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች።