ምግብ የሚዘገይበት ቤት

ወገኖቼ፣ ጌታ ይባረክ! ዛሬ ካልመሰከርኩ እንቅልፍ አይወስደኝም ብዬ ነው የወጣሁት። መጋቢያችን "እትዬ አበራሽ፣ አደራ አጠር አድርጊው" ብለውኛል። እሺ ብያለሁ። ግን እናንተም ታውቁኛላችሁ፤ ከእኔ ቤት ምንም ነገር ቶሎ ወጥቶ አያውቅም። ለምን እንደሆነ ነው ዛሬ የምነግራችሁ። ሃሌ ሉያ!

እዚህ ሆሳዕና፣ መናኸሪያው አጠገብ ያለችውን ቤቴን የማያውቅ የለም። በደርግ ጊዜ መጀመሪያ አረቄ ነበር የማወጣባት። ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ልጆቼን በአረቄው ገቢ ነበር የማሳድገው። ጠጪዎቼ "አበራሽ ጋ ሳይቀምሱ ዱራሜ አይደረስም" ይሉ ነበር። አንዳንዶቹ ቀምሰውም አልደረሱም!

ታዲያ ሳል ያዘኝ። ሐኪም ጋ ሄድኩ፤ ደረቴን አዳምጦ "እህቴ፣ ሲጋራ የጀመርሽው በስንት ዓመትሽ ነው?" አለኝ።

"ኧረ ሲጋራ በደጄ አልፎ አያውቅም!"

"ታዲያ ይሄ ሁሉ ጢስ ከየት መጣ?"

"አረቄ ሳወጣ ነዋ።"

"በይ አረቄውን ተዪ፤ አለዚያ ልጆችሽን የሚያሳድግልሽ ዘመድ ፈልጊ" አለኝ። ሐኪሙ ሲናገር ለሰው ስሜት አይጨነቅም። ያን ቀን በጣም ጠላሁት፤ ዛሬ ግን ጌታ ይባርከው እላለሁ።

ምን ልሥራ? የማውቀው ምግብ መሥራት ነው። የፊት ክፍሌን ለቅልቄ፣ አግዳሚ ወንበር ደርድሬ፣ ምግብ ቤት ልክፈት ብዬ ቀበሌ ሄድኩ። ሊቀመንበሩ ጓድ ማርቆስ ነበሩ። ወጣት፣ ሱሪያቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ሲስቁ የታዩበት ቀን የሌለ ሰው። "ጓዲት አበራሽ፣ ፈቃዱ ለሙከራ ነው። በምግብ ቤት ስም ሌላ ነገር ሲካሄድ ካየሁ ቤቱን አሽጋለሁ" አሉኝ። ሌላ ነገር ሲሉ አረቄውን ማለታቸው ነበር። ቤቱ ከታሸገ ደግሞ እኔና ልጆቼ መንገድ ላይ ነን፤ የምንተኛውም እዚያው ነውና።

ከፈትኩ፤ ሰው ግን አልመጣም! የድሮ ጠጪዎቼ ይገቡና ሻይ ሳቀርብላቸው እንደተሰደቡ ሆነው ይወጣሉ። ጨዋ ሰው ደግሞ አረቄ ቤት ገባ እንዳይባል በሩቁ ያልፈኛል። እኔና ድስቴ ተፋጠን እንውላለን።

በዚህ መሐል የባለቤቴ እህት ላሞሬ መጣች። እሷ ያኔም አማኝ ነበረች፤ ጸሎት ቤታቸው በመንግሥት ተዘግቶ የእህል መጋዘን ሆኖባቸዋል፤ ተሰብስቦ መጸለይም ተከልክሏል። "እትዬ፣ ረቡዕ ረቡዕ ጠዋት ጥቂት ወዳጆቼ ቤትሽ ቁጭ ቢሉ ምን ይመስልሻል?" አለችኝ።

"ጥቂት ማለት ስንት ናቸው?"

"አሥራ አምስት ያህል።"

አሥራ አምስት ደንበኛ! ወገኖቼ፣ እኔ እኮ እንዲያድሩም ፈቃደኛ ነበርኩ።

የመጀመሪያው ረቡዕ ጎህ ሳይቀድ ተነሥቼ ሁለት ድስት ጣድኩ። አንድ አንድ እያሉ መጡ፣ ተቀመጡ። ጎንበስ ብዬ "ምን ላቅርብ?" አልኩ። ሽማግሌያቸው ጋሽ ሎምባሞ "ምንም እህቴ፤ ጾም ላይ ነን" አሉኝ።

"የጾምም አለ!" አልኩ ደስ ብሎኝ። "ሽሮ አለ፣ ምስር አለ፣ ጎመን አለ!"

"አይ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አንቀምስም።"

ላሞሬን በክንዷ ይዤ ወደ ጓዳ ጎተትኳት። "አንቺ ሴት ምን በደልኩሽ? ሰው ለመጾም ምግብ ቤት ይመጣል? ጿሚ ሰብስበሽ ታመጭልኛለሽ?" አልኳት። እሷ ትስቃለች፤ እኔ አለቅሳለሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ግን ጌታ ይመስገን! ሁለቱም ድስት እንዴት እንዳለቀ አላየሁትም። ከጠዋት ጀምሮ የራበው ሰው ጨው አነሰ አይልም፣ ወጡ ቀጠነ አይልም። እንደነሱ ያለ ደንበኛ ከየት ይገኛል? ከዚያ በኋላ ረቡዕ ረቡዕ ለዘጠኝ ሰዓት መሥራት ለመድኩ። እነሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲጸልዩ እኔ ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ። አንዷ እህት "ጌታ ሆይ፣ የዚህችን የአበራሽን ቤት ባርክ፣ ገበያዋንም አብዛላት" ስትል እኔም ከጓዳ "አሜን!" እላለሁ። ለገበያው እኮ ነው፤ ያኔ ሌላው ነገር አልገባኝም ነበር።

አንድ ረቡዕ ጠዋት አራት ሰዓት ገደማ በሩ ተከፈተ። ጓድ ማርቆስ!

አሥራ አምስት ሰው ወንበር ላይ ተደርድሯል። ፊታቸው ላይ ሳህን የለም፣ ብርጭቆ የለም፣ ፍርፋሪ እንኳ የለም። ጓዳ ያለው እሳት ገና አልተቀጣጠለም። እሳቸው ዙሪያውን ቃኙና "እነዚህ ሰዎች ለምን አይበሉም?" አሉ።

"ምግቡ ገና ስላልደረሰ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።"

"ጥሩ። ሲደርስ እኔም እበላለሁ" ብለው በሩ አጠገብ ቁጭ አሉ።

ጓዳ ገባሁ። ቶሎ የሚደርስ ያለኝ ቡላ፣ ቅቤና ወተት ብቻ ነው። አታካና ልሥራ ብዬ ቅቤውን አቅልጬ፣ ቡላውን ጨምሬ፣ በወተት ማማሰል ያዝኩ። ሳሉም ተነሣብኝ። እየሳልኩ፣ እያማሰልኩ፣ እንባዬም እየወረደ "አንተ የእነዚህ የተራቡ ሰዎች አምላክ፣ እኔን አታውቀኝም፤ ይቺን ቤት ግን አታሳጣኝ" አልኩ። ወገኖቼ፣ በሕይወቴ የመጀመሪያው ጸሎቴ ይኸው ነው። ማማሰያ ይዤ!

ጋሽ ሎምባሞ ጓዳ ብቅ አሉ። "እህቴ፣ ለእኛም አቅርቢ። እንበላለን።"

"ጾማችሁስ?"

"ጌታ ያውቃል። ጾማችን ካንቺና ከልጆችሽ ቤት አይበልጥም።"

እዚህ ላይ ነው ልቤ የቀለጠው። ከልጅነቴ ጀምሮ ስለ እኔ ብሎ የተራበ ሰውም፣ ስለ እኔ ብሎ ረሃቡን የተወ ሰውም አላውቅም ነበር። ጌታ ስሙ ይባረክ!

ለሁሉም አቀረብኩ። የመጀመሪያውን ሳህን ጓድ ማርቆስ ፊት አስቀመጥኩ። ወንድሞችና እህቶች ማንኪያ አንሥተው እሳቸው እስኪጀምሩ ይጠብቃሉ። ጓድ ማርቆስ የአታካናው ሽታ ሲደርሳቸው ምን እንደነካቸው እንጃ፤ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ጎንበስ አሉ፣ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ቀና አሉ።

አሥራ አምስቱም ሰው በአንድ ድምፅ፣ "አሜን!"

አቤት! ምን ያድርጉ፣ ለምዶባቸው ነዋ! አማኝ ፊት ጸሎት ተጸልዮ አሜን ሳይባል ይቀራል? እኔ ትሪ ይዤ እንደቆምኩ ቀረሁ። አሁን አለቀልን አልኩ።

የጓድ ማርቆስ ፊት በርበሬ መሰለ። "እኔ... ዝንብ ገብቶበት እንደሆነ እያየሁ ነው" አሉ። ቀጥለው ደግሞ ቆጣ ብለው፣ "እናንተስ ምን ሆናችሁ ነው አሜን ያላችሁት?"

ጋሽ ሎምባሞ ውሸት አይወዱም፤ ትንሽ አሰቡና "ዝንብ ባለመኖሩ ደስ ብሎን ነው፣ ጓድ" አሉ።

ጓድ ማርቆስ ማንኪያቸውን አንሥተው ይበሉ ጀመር። ሌላው ገና ማንኪያውን ወደ አፉ ሳይወስድ ቀና ብለው የሁሉንም ሳህን አዩና "ጓዲት አበራሽ፣ የእነዚህ ሰዎች ምግብ አልበሰለም። ወደ እሳቱ መልሺው" አሉኝ።

"እስከ ስንት ሰዓት?" አልኩ እንደ ሞኝ።

"እስከ ዘጠኝ ይብሰል።"

ሳህናቸውን ጨርሰው ወጡ። ልሸኛቸው በሩ ድረስ ስከተል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "እናቴም ረቡዕ ረቡዕ ምግብ የምታወጣው በዘጠኝ ሰዓት ነበር" አሉኝ። ባርኔጣቸውን አጠለቁና ሄዱ።

ያን ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ እኔም ከወገኖች ጋር ተቀመጥኩ፤ ጌታንም ተቀበልኩ። ሃሌ ሉያ! ሳሌም ቀስ እያለ ተወኝ። አረቄውን በመተዌ ነው የሚል አለ፣ በጸሎት ነው የሚል አለ። አረቄውንስ ያስተወኝ ማን ሆነና? እኔ ሁለቱንም ለጌታ ሰጥቻለሁ።

ጓድ ማርቆስ ደግሞ በቀበሌ ስብሰባ ላይ ሕዝብ ሁሉ እየሰማ "የአበራሽን ቤት ተመልክቻለሁ። ምግቡ ጥሩ ነው፤ ግን እጅግ ይዘገያል። ሰው ሳይበላ ተቀምጦ ብታዩ አትገረሙ" ብለው ተናገሩ። ይኸውላችሁ፣ ስሜ በዚያው ወጣ! ሾፌሮች "የሚቸኩል አበራሽ ጋ አይግባ" እያሉ ይስቁ ነበር፤ ግን እየሳቁም ይገቡ ነበር። ረቡዕ ረቡዕ ባዶ ወንበር ጠፋ። ምግብ እየጠበቁ ከአማኞቹ ጋር ቁጭ ያሉት ሁሉ ቃሉን ሰሙ። አንዳንዶቻችሁ ዛሬ እዚህ የተቀመጣችሁት ያኔ ወጥ ስላዘገየሁባችሁ ነው። አትሸሽጉ፣ አውቃችኋለሁ!

ያ መጋዘን ጸሎት ቤት ሆኖ ተመልሷል፤ ይኸው ቆሜበታለሁ። አሁን ሳህንህ ባዶ ሆኖ የተቀመጥክ ወንድሜ፣ ልጆቼን የት ላሳድር የምትዪ እህቴ፣ ተነሥታችሁ አትሂዱ። ጓዳው ውስጥ ያለውን ጌታ እመኑት፤ እሱ ረስቶ አያውቅም፣ እያበሰለላችሁ ነው።

መጋቢያችን እያዩኝ ነው፤ ጨረስኩ። ከምስክርነቱ በኋላ ሁላችሁም ቤቴ ናችሁ፣ አታካና አለ። ሦስተኛው ወንበር ላይ የተቀመጡት፣ ፀጉራቸው የሸበተው፣ ሱሪያቸው ዛሬም የተተኮሰው አባት እንደ ልማዳቸው ጎንበስ ብለው ሳህናችን ውስጥ ዝንብ ይፈልጉልናል። እኛም ሁላችን በአንድ ድምፅ አሜን እንላለን።