ኦቦ አሊዪ ምን ሊሰሙ መጡ?

የራሰ በርኖስ ሽታ ዛሬም በድንገት ይመጣብኛል። ዝናብ የመታው ወፍራም የሱፍ ልብስ፣ ሰው በሞላበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሲሞቅ የሚያወጣው፣ በግና ጭስ የተቀላቀለበት ሽታ ነው፤ አውቶቡስ ውስጥም ይሁን ለቅሶ ቤት ሲሸተኝ ወዲያው ጎባ ተመልሼ፣ አባቴ ይጠብቀው በነበረው የሕዝብ ንባብ ቤት ውስጥ ከእናቴ ጎን አግዳሚው ላይ እቀመጣለሁ።

አባቴ ተክሌ የማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ነበር። ንባብ ቤቱ ተከፍቶ ቁልፉ ለእሱ በተሰጠበት ክረምት፣ ጉሙ ከሳነቴ ተራራ ወርዶ ከተማውን ቀኑን ሙሉ ሸፍኖት ይውል ስለነበር፣ ሰው በመስኮቱ አጠገብ ቀስ ብሎ እያለፈ፣ ወደ ውስጥ አጮልቆ እያየ፣ ሳይገባ ይሄድ ነበር። ነጋዴዎቹ «የግብር መመዝገቢያ ነው» ይሉ ነበር። ካህናቱ የሌላ ሃይማኖት መጽሐፍ ተደብቆበታል ብለው ይጠረጥሩ ነበር። ከሲናና ገብስ ጭነው የሚመጡት ገበሬዎች ደግሞ፣ ጽሕፈት ካለበት ቤት ደህና ነገር ወጥቶላቸው ስለማያውቅ፣ ፈረሶቻቸውን ሳይቀር ከቤቱ ራቅ አድርገው ያስሩ ነበር። መጽሐፍ ሊዋስ የገባ አንድ መምህር እንኳ ስሙን ሲጠየቅ «ስሜን ለምን ፈለግኸው?» ብሎ፣ መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ መልሶ አስቀምጦ ወጣ።

መስከረም ጠብቶ መንገዱ ሲጠግግ አባቴ አንድ መላ ዘየደ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ፣ ከአዲስ አበባ በጭነት መኪና ዘግይቶ የሚደርሰውን ጋዜጣ ጮክ ብሎ ያነብ ጀመር፤ ከጋዜጣው በኋላም አንድ ሽማግሌ ከተማው እንዴት እንደተቆረቆረ እንዲያወጋ ይጋብዝ ነበር። ስም አይጠየቅም፣ አይጻፍም። ሰው መጀመሪያ በሩ ላይ ቆሞ፣ ቀጥሎ ግድግዳውን ተደግፎ፣ በኋላ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ማድመጥ ለመደ። ከፖሊስ ጣቢያ የተላከ አንድ ሰውዬም ሁልጊዜ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ጋዜጣ ይዘረጋ ነበር፤ ገጹን ሲገልጥ ግን አይቼው አላውቅም።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያወጉት የእናቴ አባት፣ ባላምባራስ ገብሬ ነበሩ። ጦሩ ወደ ባሌ ሲዘምት ለጋ ጎረምሳ ሆነው ከመንዝ አብረው የመጡ፣ ኋላም መሬት ተመርተው እዚሁ የቀሩ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ወለተ ማርያም እናቴ ገና ልጅ ሳለች ስለሞተች እኔ አላወቅኋትም፤ በቤታችን የሚነገረው ከጦሩ ጋር የመጣች የመንዝ የሙት ልጅ እንደነበረች ነው። አያቴ ፊት ለፊት ባለው ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሐል አቁመው፣ «እኛ ስንመጣ እዚህ ከጉምና ከጥድ በቀር ምንም አልነበረም» ብለው ይጀምሩ ነበር። ሰውም «እውነት ነው፣ ባላምባራስ» ይል ነበር።

የኅዳር ብርድ ሣሩን ማንጣት ሲጀምር፣ በጎሮ መንገድ የሚኖሩ ኦቦ አሊዪ የሚባሉ ሽማግሌ መምጣት ጀመሩ። ነጭ ጥምጥም የጠመጠሙ፣ ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ ሰው ነበሩ። በር ላይ «አካም ኦልተኒ» ብለው ሰላምታ ሰጥተው፣ የመጨረሻው አግዳሚ ጫፍ ላይ ይቀመጡና አያቴ ማውጋት እስኪጨርሱ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ያደምጡ ነበር። አይጠይቁም፣ አይስቁም፣ «እውነት ነው» አይሉም። ወጉ ሲያልቅ ተነሥተው ይሄዳሉ፤ ቅዳሜ ተመልሰው ይመጣሉ።

ይህ ዝምታ ከተማውን አስጨነቀው። አንዱ «የመሬት ክስ ሊመሠርት ነገር እየለቀመ ነው» ሲል፣ ሌላው «ፖሊስ ነው የሚልከው» ይል ነበር፤ መስኮቱ ሥር ያለው ሰውዬ ራሱ ከጋዜጣው በላይ ሰረቅ እያደረገ ያያቸው ነበር። አያቴ ከሁሉ ባሱ። እኚህ ሽማግሌ የገቡ እንደሆነ ድምፃቸው ይለወጥ፣ ወጉንም ያሳጥሩት ነበር። አንድ ቀን ቤታችን ምሳ ላይ አባቴን፦

«ያን ሰውዬ ለምን ታስገባዋለህ?» አሉት።

«ቤቱ የሕዝብ ነው፣ አባባ። እሳቸውስ ሕዝብ አይደሉም?»

«አጥር የሌለው ቤት ሠርተህ ሌባ ገባ እንዳትል!» ብለው እንጀራውን ገፋ አድርገው ተነሡ። እናቴ በላይነሽ ሳህኑን እያነሣች ትክ ብላ ከኋላቸው አየቻቸው። አያቴ ሰው ፈርተው አይታ አታውቅም ነበርና፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ እሷም መጠርጠር ጀመረች። የጠረጠረችው ግን ሽማግሌውን ብቻ አልነበረም።

የበልጉ ዝናብ በጀመረ ሰሞን፣ ክፍሉ በራሰ በርኖስ ታፍኖ ሳለ፣ አያቴ ከተማው ውኃ የሚቀዳበትን ምንጭ አነሡ። «ያንን ምንጭ ያገኘነው እኛ ነን፤ ሰው የረገጠው ቦታ አልነበረም» አሉ። ኦቦ አሊዪ ከኋላ ብድግ አሉ።

አባቴ አያቴን አየ፣ መስኮቱ ሥር ያለውን ሰው አየ፣ ከዚያ «ይናገሩ፣ አባቴ» አላቸው። ኦቦ አሊዪ በኦሮምኛ፣ ረጋ ብለው፣ ለረጅም ጊዜ ተናገሩ። የፍርድ ቤቱ ቱርጁማን አቶ ሽፈራው ከፊት ነበርና ተነሥቶ ጉሮሮውን ጠራረገ። «ከተማችን በመስፋፋቷ ደስ ብሎኛል፣ ምንጩም ጥሩ ምንጭ ነው ይላሉ» አለ።

ከኋላ ማጉረምረም ተነሣ። የጎባ ልጅ ሁሉ አማርኛም ኦሮምኛም ይሰማ ነበር፤ እኔም ሰምቻለሁ። እናቴ ከጎኔ ቆመች።

«አላሉም» አለች።

«ወይዘሮ በላይነሽ፣ ይቀመጡ» አለ ቱርጁማኑ።

«ያላሉትን አሉ አይባልም። ‹በምንጩ ከብቶቻችንን እናጠጣ ነበር› ነው ያሉት። ‹ፈረሰኞቹ ሲመጡ ታላቅ እህቴ እንስራ ይዛ እዚያ ነበረች፤ እኔ ትንሽ ልጅ ስለነበርኩ ቁጥቋጦ ውስጥ ተደበቅሁ፤ እሷን ወሰዷት› ነው ያሉት።» ወደ ሽማግሌው ዘወር ብላ ቀጥሉ እንደማለት ራሷን ነቀነቀች። እሳቸው አንድ ነገር ይላሉ፣ እሷ በአማርኛ ታደርሰዋለች፤ ድምፅዋ ቱርጁማን የሆነች ያህል የቀና ነበር። «ስሟ ዱሬቲ ነበር። ስለዚህ ከተማ አመጣጥ ስታወጉ ስሟ ይነሣ እንደሆነ ብዬ ሳደምጥ ከረምሁ። የጥዱ ስም ተነሣ፣ የፈረሶቹ ስም ተነሣ። የእሷ አልተነሣም። የወሰዳት ሰው እዚሁ ፊት ለፊት ተቀምጧል።»

ኦቦ አሊዪ እናቴን እያዩ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ አንድ ነገር ጨመሩ፤ «ኢንተልቲ ኢሼ ኩኖ።» እናቴ አልተረጎመችውም። ከፊት ያሉት፣ ኦሮምኛ የማይሰሙት፣ «ምን አሉ? ምን አሉ?» ይባባሉ ጀመር። ከኋላ ያሉት ግን ሁሉ ገብቷቸዋል። እጅዋ ትከሻዬ ላይ እየከበደ ሲሄድ ተሰማኝ።

«‹ልጅዋ ይህችው› አሉ» አለች በመጨረሻ። «እኔን ነው።»

አያቴ ከዘራቸውን ይዘው ወጡ። ማንም «እውነት ነው፣ ባላምባራስ» ያለ አልነበረም፤ «ውሸት ነው» ያለም አልነበረም።

በማግስቱ እሑድ እናቴ እኔን አስከትላ ወደ አያቴ ቤት ሄደች። አያቴ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው።

«አባባ፣ እናቴ ማን ነበረች?»

«ሚስቴ ነበረች።»

«ከመንዝ ነው የመጣችው?»

«ክፉ አላደረግሁባትም» አሉ።

«እሱን አልጠየቅሁዎትም። ስሟን ነው የምጠይቅዎት።»

አያቴ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት። እናቴ እጄን ይዛኝ ወጣች።

እንዲህም ሆኖ እናቴ አላመነችም። «ዝምድና ብሎ መጥቶ መሬት ሊካፈል ቢሆንስ?» ብሎ አባቴ ሲጠይቃት «እኔም እሱን እያሰብሁ ነው» አለችው። ዝናቡ ጋብ ባለበት ሳምንት በበቅሎ ወደ ጎሮ መንገድ ወጣን፤ እሷ ፊት፣ እኔ ከኋላዋ ተፈናጥጬ። ኦቦ አሊዪ ደጃፋቸው ላይ ተቀብለውን ገና ሰላምታ ሳንጨርስ፣ ከጓሮ አንዲት አሮጊት ብቅ አሉ፤ ታናሽ እህታቸው ናቸው። በበቅሎዋ ላይ የእናቴን ወገብ ጨብጬ የተቀመጥሁትን እኔን አይተው ሲስቁ፣ አፋቸውን በእጃቸው ጀርባ ከለል አደረጉ። እናቴ ስትስቅ የምታደርገው እንደዚያው ነበር፤ ሌላ ሰው ሲያደርገው አይቼ አላውቅም። እናቴም አየች። ከበቅሎዋ ወርዳ እዚያው ጭቃው ላይ ቁጢጥ አለች፣ አሮጊቷም መጥተው አጠገቧ ቁጢጥ አሉና ተቃቅፈው ያለቅሱ ጀመር። ስለ መሬት ያነሣ ሰው አልነበረም፤ ስንመለስ የሐረና ጫካ ማር ሰጡን። እናቴ ሽማግሌውን «አቡያ» አለቻቸው፣ የእናት ወንድም ማለት ነው።

ንባብ ቤቱ የቅዳሜውን ወግ እንዲያቆም ታዘዘ። «ጋዜጣ ይነበብ፣ ወሬ ይቅር» ተባለ። አባቴ እንደታዘዘው ጋዜጣውን ብቻ ማንበብ ቀጠለ፤ ሰዉም ቀስ በቀስ ተመናመነ።

በዚያው ዓመት ክረምት አያቴ ታመው ሞቱ። ለቅሶው ላይ ኦቦ አሊዪ መጥተው አጥሩ በር ላይ ቆሙ። ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ሰው «ደግሞ ምን ሊል መጣ?» እያለ ተጠቋቆመ። እናቴ ከሴቶቹ መሐል ተነሥታ ሄዳ፣ በእጃቸው ይዛ አምጥታ ከቤተ ዘመዱ ጋር አስቀመጠቻቸው። እሳቸውም እንደ ልማዳቸው ምንም ሳይናገሩ እስከ ማታ ተቀመጡ። ሲሄዱ ለእናቴ «አባትሽ ነበር፤ ላልቅስልሽ ብዬ ነው» አሏት።

ዛሬ ሮቤ ነው የምኖረው። የከተማው ቤተ መጻሕፍት ሰፊ ነው፤ በበዓላትና በትምህርት ቤት ዕረፍት ወቅት በሁለቱም ቋንቋ ዝግጅት ይደረግበታል፣ ልጆች ይነበብላቸዋል፣ ሽማግሌዎች እየተጋበዙ ስለ ከተማው አመጣጥ ያወጋሉ። እኔንም አልፎ አልፎ ይጠሩኛል። እያንዳንዱ በተራው ማይክሮፎን ይዞ የራሱን ይናገራል፣ ለራሱ ሰው ይጨበጨብለታል፤ የሌላው ተራ ሲደርስ ስልክ ይነካካል ወይም ወጥቶ ይሄዳል። ያኔ አንድ ሰው እህቴን ብሎ ለመናገር አንድ ወቅት ሙሉ ዝም ብሎ መቀመጥ ነበረበት፤ ያ ደግ ዘመን ነበር አልልም። ዛሬ ማንም ያለ ፍርሃት ይናገራል፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን እኛ፣ ያን ያህል እየተጠራጠርንም ቢሆን፣ ወጉ እስኪያልቅ ድረስ ከአግዳሚው አንነሣም ነበር።