የደረብኩት ክኒን
ባሌ ከሞተ ወዲህ ላሊበላ ብቻዬን ነው የምኖረው። ጡንቻ የሚያዝል ሕመም ስላለብኝ በሰዓቱ ክኒን እውጣለሁ። ባለፈው ክረምት የዓይኔ ቆብ አልነሣ ሲለኝ፣ ሰዓቱ ሳይደርስ ሦስት ደረብኩ። ብዙም ሳይቆይ ላብ አጠመቀኝ፤ ምራቄ አፌን ሞላው፤ እግሬ ከዳኝ። እየተንፏቀቅሁ ደጅ ወጣሁ። ጎረቤቴ አይታኝ በባጃጅ ሆስፒታል አደረሰችኝ።

ሐኪሙ ማርከሻውን፣ አትሮፒን የሚሉትን መርፌ፣ ሰጠኝ። ምራቄ ደረቀ፤ ድካሙ ግን ሁለት ቀን አስተኛኝ።

«ክኒኑ ሲበዛም እንደ ሕመሙ ያደክማል። ሲብስብዎት ይምጡ እንጂ አይደርቡ» አለኝ። «ቤት ሰዓቱን የሚያስታውስዎት ሰው አለ?»

«አለ» አልኩት። ለምን እንደዋሸሁ አላውቅም።

ከሆስፒታል ስወጣ ለጎረቤቴ ክኒን የምውጥበትን ሰዓት ነገርኳት። ባሌ ከሞተ በኋላ ይህቺን ለመናገር ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል።